የእምነት ሰው

የኸርማን ሜልቪልን አንድ ልብ ወለድ አርእስት ወደ አማርኛ ለመመለስ ስሞክር መጀመሪያ የመጣልኝ «የእምነት ሰው» የሚል ነበር። ቃል በቃል ከተሄደ ስህተት የለበትም፤ «ኮንፊደንስ» እምነት ነው፣ «ማን» ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ጽፌ መልሼ ሳነበው ግን እጄ ቆመ። በእኛ ቋንቋ የእምነት ሰው የሚባለው ጸሎቱን የማያስታጉል፣ በቃሉ የሚገኝ፣ ጎረቤት ሲጣላ ለእርቅ የሚጠራ ሰው ነው። የሜልቪል መጽሐፍ የሚናገረው ደግሞ ስለ አጭበርባሪ ነው። እንግሊዝኛ ሌባውን በምን ምክንያት በዚህ ስም ጠራው? ጥያቄው ከትርጉም ሥራው አልፎ ለብዙ ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። ለምን እንደዚያ እንደያዘኝ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ዛሬ ቃሉ አጥሯል። «ኮን ማን» ይላሉ፣ ወይም «ኮን አርቲስት»። «ኮን» የምትለው ቁራጭ ሙሉ ቃል መስላ ስለቆመች፣ ከ«ኮንፊደንስ» የተቆረጠች መሆኗን ልብ የሚላት ጥቂት ነው። ሲያሳጥሩት የወደቀው ክፍል ግን ዋናው ነበር። «ፊደስ» የሚለው የላቲን ቃል፣ እምነት ማለት፣ እዚያው የተጣለው ግማሽ ውስጥ ነው ያለው።

ይህ ስም የወጣበት ከተማና ዓመት ይታወቃል፤ ኒው ዮርክ፣ እ.ኤ.አ. 1849። ከብዙ ስሞቹ አንዱ ዊልያም ቶምፕሰን የሆነ፣ አለባበሱ የጨዋ ሰው የሚመስል ጎልማሳ በከተማው መንገዶች ይዘዋወር ነበር። ፈጽሞ የማያውቀውን ሰው እንደ ቆየ ወዳጅ ሰላም ይለዋል፤ ወሬ ይጀምራል። ሰላምታ የደረሰው ሰው በልቡ «የት ነው የማውቀው?» እያለ አፉ ግን መልስ ይሰጣል። ጨዋታው ሲሞቅ ቶምፕሰን ይጠይቀዋል፦ ሰዓትህን እስከ ነገ ድረስ ከእኔ ዘንድ ለማቆየት እምነቱ አለህ ወይ? ሰውዬው ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል። ቶምፕሰን እየሳቀ ይሄዳል፤ ባለሰዓቱም ቀልድ መስሎት ቆሞ ያየዋል። በግንቦት ወር 110 ዶላር የሚያወጣ የወርቅ ሰዓት በዚህ መንገድ የተወሰደበት አንድ ሰው በጁላይ ቶምፕሰንን መንገድ ላይ አየውና ፖሊስ ጠርቶ አስያዘው። «ኒው ዮርክ ሄራልድ» ጋዜጣ ዜናውን ሲያወጣ «ኮንፊደንስ ማን» አለው። ስሙ ወዲያው በከተማው አፍ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ስም ቲያትር ታየ። ያው ጋዜጣ በቀናት ውስጥ ተመልሶ መጥቶ፣ ሰዓት የወሰደው እስር ቤት ሲገባ በዎል ስትሪት የብዙ ሰው ሀብት የወሰዱት በየቪላቸው የሚኖሩት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ቃሉ ገና አንድ ሳምንት ሳይሞላው ከመንገድ ወደ ባንክ ተሻገረ ማለት ነው።

እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ሰዓቱ ነው። ቶምፕሰን በር አልሰበረም፣ ኪስ አልገባም፣ ቢላ አላወጣም። የወንጀሉ መሣሪያ አንድ ጥያቄ ነበር። ጥያቄውም እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ታምነኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሰውዬው በእጁ መለሰ።

የተታለለ ሰው ሁሉ በስስቱ ነው የተታለለው የሚል ብሂል አለ፤ ሐቀኛን ሰው ማታለል አይቻልም ይላሉ፣ ይህን የሚወዱትም አታላዮቹ ራሳቸው ናቸው። በእርግጥ ስስትን እያማለለ የሚዘርፍ አለ። በ1920 በቦስተን ቻርልስ ፖንዚ በ45 ቀን ውስጥ 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ሲል የሰው ምኞት ላይ ነበር የሠራው። ቶምፕሰን ግን ለማንም ምንም አልሰጠም፤ ትርፍ የለ፣ ዕጣ የለ፣ የተቀበረ ወርቅ የለ። ታዲያ ሰዎቹ ምን ፈልገው ሰጡት? የፈለጉት ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ላለማሳፈር ነበር። «አላውቅህም» ማለት ከበዳቸው፤ «አላምንህም» ማለት ደግሞ ከዚያ ባሰ።

ለዚህ ነገር እንግሊዝኛ አንድ ወጥ ቃል የለውም። እኛ አለን፤ ይሉኝታ። «ምን ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ተጠቅልሎ ስም የሆነበት ቃል ነው፣ የሌላው ሰው ዓይን በውስጣችን ቤት የሠራበት። ፒያሳ ላይ አንድ ሰው «አንተ! ምነው ጠፋህ!» ብሎ ትከሻህን ሲይዝህ፣ ፊቱን ከማስታወስህ በፊት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለህ ጨርሰሃል። ቤተሰብ እንዳለውም አታውቅም። ከተለያየህ በኋላ መንገዱን ሙሉ ማን እንደሆነ ስታስብ ትሄዳለህ። ይህ ድክመት ብቻ እንዳይመስለን። እንግዳ ሳይጠየቅ የሚበላበት፣ በአውቶቡስ ተራ ለማናውቀው ሰው እሽግ ሰጥተን «አደራህን፣ ወንድሜ ይቀበልሃል» የምንልበት አገር በዚሁ ይሉኝታ የተያያዘ ነው። ቶምፕሰን የሰረቀበት መንገድ ሰው ከሰው የሚኖርበት ያው መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ አልቀደደም።

«አመነ» የሚለውን ግስ ይዤ ብዙ ቀን ተቀምጫለሁ። አመነ ሲባል ልቡን ሰጠ ማለት ነው፤ ጥፋቱን ተናዘዘ ማለትም ነው። በ2008 መጨረሻ የተያዘው የኒው ዮርኩ በርናርድ ማዶፍ በደንበኞቹ ሒሳብ ላይ በወረቀት ብቻ ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ጽፎ ነበር፤ በማርች 2009 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ 150 ዓመትም ተፈረደበት። ይህን ዜና በአማርኛ የሚጽፍ ሰው «ማዶፍ አመነ» ብሎ ይጽፋል። በሰው ማመን ሲኖር የነበረ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱ አመነ፤ ግሱ አንድ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «ታመነ» የሚለው ነው። ታመነ ማለት ሰዎች አመኑት ማለት ነው። ታመነ ማለት ታማኝ ሆነ ማለትም ነው። ቋንቋችን ሁለቱን አልለያያቸውም፤ የታመነ ሰው ታምኖ ይገኛል የሚል ተስፋ በሰዋስው ውስጥ አስቀምጧል። እናት ልጇን ገንዘብ አስይዛ ገበያ ስትልከው ይህንኑ ነው የምታደርገው፤ ታማኝ ስለሆነ ብቻ አትልከውም፣ ስትልከው ታማኝ ይሆናል ብላም ትልከዋለች። ልጁም ሳንቲሙን ቆጥሮ ሲመልስ ቁመቱ ይጨምራል። አታላዩ ይህችን አንድ ቃል ነው ለሁለት የሚሰነጥቃት። ታመነ፣ ግን አልታመነም። ዓረፍተ ነገሩ በአማርኛ ሲነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ሕይወት ውስጥም እንዲሁ ነው የሚያደርገን። የተታለለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቁጣ አይደለም፤ አንድ የሚያውቀው ቃል ትርጉሙ እንደጠፋበት ሰው ግራ መጋባት ነው።

የኛ ቋንቋ ለአታላይ ያወጣቸው ስሞች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የሚያዩት አድራጊውን ነው። አጭበርባሪ ዓይን የሚያጭበረብር ነው፣ እንደ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን። እንግሊዝኛም «ስዊንድለር» የሚለውን ከጀርመንኛ ሲወስድ ማዞር፣ ራስ መዞር ከሚል ቃል ነው የወሰደው፤ ሁለቱ ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ተገናኝተዋል። «ቺት» የሚለው ደግሞ የሚነሣው ወራሽ ያጣ መሬት ወደ ጌታው ከሚመለስበት የጥንት የእንግሊዝ ሕግ ቃል ነው፤ ያን የሚያስፈጽሙት ሹማምንት በስማቸው ምን ያህል እንደተማረረባቸው የቃሉ ዕድል ይናገራል። ከሃዲ የምንለው መጨረሻውን ያያል። ፈጣሪውን የካደም ከሃዲ ነው፣ «ብሬን ካደኝ» የሚባልበትም ከሃዲ ነው።

ወደ «ኮንፊደንስ ማን» የሚቀርበው አደራ በላ ነው። እዚህ ስሙ ላይ ሌባው ብቻውን አልቆመም፤ የተበላው ነገር አብሮት አለ። አደራ ደግሞ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ሲሰጥ የተባለው ልመናም ነው፣ ምስክር የተደረገው ሰማይም ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶች። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችንም ይህን ያውቃል፤ በአደራ የተሰጠን ነገር ለራስ ማድረግን «እምነት ማጉደል» ይለዋል። ማጉደል የሚለው ቃል ከጤፍ ገበያ የመጣ ይመስለኛል፤ ሙሉ የነበረው መስፈሪያ ጎደለ። ሕጉ ስለ ገንዘብ እየተናገረ፣ የጎደለው ገንዘብ ነው አላለም፤ እምነት ነው አለ። የሕግ አርቃቂዎች ሁልጊዜ እንዲህ ባለቅኔ አይሆኑም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። አደራ በላውን አስቀድመን እናውቀዋለን፤ ዘመድ ነው፣ የእቁብ ጸሐፊ ነው፣ ጎረቤት ነው። የነበረ እምነት ነው የሚበላው። ቶምፕሰን ግን ምንም ካልነበረበት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ እምነትን ይሠራል። የሚያስፈራው ይህ ነው። ሐሰተኛ ብር የሚያትም ሰው የብሩን መልክ ማወቅ እንዳለበት፣ እሱም የወዳጅነትን መልክ ከእኛ ይበልጥ አጥንቷል፤ ድምፁ የት እንደሚለዝብ፣ ሳቁ መቼ እንደሚመጣ፣ ዝምታው ስንት ልብ ምት እንደሚቆይ። በ1940 ስለእነዚህ ሰዎች ቋንቋ መጽሐፍ ያወጣው የቋንቋ አጥኚ ዴቪድ ሞረር የሥራቸውን ደረጃዎች በራሳቸው ቃላት መዝግቦልናል። አንዱ ደረጃ ላይ ተታላዩ ጥቂት ገንዘብ አስይዞ እንዲያሸንፍ፣ ትርፉም በእጁ እንዲገባ ያደርጋሉ። ይህን ደረጃ የሚጠሩበት ስም በአማርኛ ሲመለስ «አሳማኝ» ነው። አሳማኝ በእኛ ዘንድ የምስጋና ቃል ነበር።

ሜልቪል መጽሐፉን ያወጣው በአፕሪል 1 ቀን 1857 ነው፤ ታሪኩም የሚውለው በዚያው በሞኞች ቀን፣ ከሴንት ሉዊስ ተነሥታ በሚሲሲፒ ወንዝ ቁልቁል በምትወርድ የእንፋሎት መርከብ ላይ ነው። የመርከቧ ስም በፈረንሳይኛ «ታማኟ» ማለት ነው። አንድ ሰው ይሁን ብዙ ሰው በማይለይ ሁኔታ፣ መልኩን እየለዋወጠ የሚመጣ መንገደኛ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ እምነት ይጠይቃቸዋል፤ አንዴ ለማኝ ነው፣ አንዴ የመድኃኒት ሻጭ፣ አንዴ ለሙት ልጆችና ለመበለቶች ገንዘብ ሰብሳቢ። በመርከቧ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ አለ፤ በሩ ላይ እምነት የለም የሚል ማስታወቂያ ሰቅሏል። የኛ ባለሱቅ «ዛሬ በካሽ፣ ነገ በዱቤ» ብሎ እንደሚለጥፈው መሆኑ ነው። መንገደኛው ፀጉር አስተካካዩን ይከራከረዋል፤ ሰው ሆነህ እንዴት ሰውን አታምንም ይለዋል፣ ኪሳራህን እኔ እችላለሁ ብሎ ውል ይፈርምለታል። ማስታወቂያው ይወርዳል። መንገደኛውም የተላጨበትን ሳይከፍል ይወጣል። ማስታወቂያው ይመለሳል።

ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር በማን እንደምፈርድ እቸገራለሁ። መንገደኛው ለፀጉር አስተካካዩ የተናገረው ነገር ሁሉ እውነት ነው። ሰውን ሳያምኑ መኖር ክፉ ነው፤ ያ ማስታወቂያም ደንበኛውን ሁሉ ሳይሠራ ወንጀለኛ ያደርገዋል። ሜልቪል እውነቱን ሁሉ በሌባው አፍ አስቀመጠው። ስለዚህ አታላዩን ለመሸሽ ብለን እውነቱንም አብረን እንሸሻለን። ፀጉር አስተካካዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወቂያውን ለማንም አያወርድም፤ ቸግሮት ለነገ እከፍላለሁ የሚል ሐቀኛ መንገደኛ ቢመጣም አያወርድም። የአንድ መላጫ ዋጋ የከፈለው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ የቀረውን ዕዳ የሚከፍለው ገና ያልመጣው ሰው ነው።

አሁን ቃሉ ለምን እንደያዘኝ ልናገር።

ደብረ ብርሃን የምትኖር አክስት አለችኝ። ዐሥር ዓመት አልፎታል፤ ልጇ ሪያድ ሄዶ ወራት ሙሉ ስልክ ሳይደውል ቆየ። አንድ ከሰዓት በኋላ ንጹሕ የለበሰ ወጣት በሩን አንኳኳ። «እማማ፣ ከልጅዎ ጋር አንድ ቤት ነው የምናድረው» አላት። ስሙን ጠራላት። ደህና ነው፣ ስልኩ ተሰርቆበት ነው እንጂ ደህና ነው አላት። አክስቴ እልል አለች። ሽሮ አቀረበች፣ ቡና አፈላች፤ እሱም እስከ በረካ ቆየ፣ ሲኒውን ሲመልስ መረቃት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ልጇ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማሳደሻ እንደጎደለው፣ ለመናገርም አፍሮ እንደነበር፣ እሱ ነገ ማታ እንደሚመለስ ነገራት። በዚያው ሳምንት እቁብ ወጥቶላት ነበር። ስድስት ሺህ ብር ከነፌስታሉ ሰጠችው። «ልጄ፣ አደራ» አለችው። «እማማ፣ ምን በወጣዎ» አላት።

በኋላ ስንሰማ የልጇን ስም ከሰፈሩ ሱቅ ነው የጠየቀው።

ሰፈሩ ሲሰማ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን። «ማን እመኚ አለሽ?» መታወቂያውን አላየሽም? ልጅሽን ለምን በሌላ ሰው በኩል አላጣራሽም? እኔም በስልክ ብያታለሁ፤ ከሁሉም ይበልጥ የምቆጭበትም ይህ ነው። ትናንት የዋህ የምንላት ሴት በአንድ ሌሊት ሞኝ ሆነች። የዋህ በወንጌል ብፅዕና የተሰጠው ነው፤ ሞኝ ግን የሚሳቅበት ነው፤ በሁለቱ መካከል የተለወጠ የእሷ ጠባይ የለም። የተለወጠው የመጣው ሰው ነው። ያ ወጣት እውነተኛ መልእክተኛ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሽሮ፣ ያው ቡና፣ ያው ስድስት ሺህ ብር በሰፈሩ ሁሉ የሚወራላት የእናትነት ታሪክ ይሆን ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ አልሄደችም። አፈረች። ሶሲዮሎጂስቱ ኧርቪንግ ጎፍማን በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ እንደሚነግረን አታላዮቹ ከዘረፉ በኋላ አንድ ሰው ከተዘራፊው ጋር ይተዉ ነበር፤ ሥራው ሰውዬውን ማጽናናትና ማቀዝቀዝ፣ ጩኸት ሳያሰማ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህን ሳነብ አክስቴ ቤት የተሰበሰብነውን አሰብኩ። ያ ወጣት ማንንም መተው አላስፈለገውም። እኛ ነበርን። «ሞኝ ነሽ» እያልን ዝም አሰኘናት፤ ኀፍረቱን ከሌባው ላይ አንሥተን እሷ ላይ ደረብን፣ እሱ በሰላም ሄደ።

ለዚህ ነው በዚያ የእንግሊዝኛ ስም የምጽናናው። ቃሉ ተታላዩን ሞኝ አይለውም፤ ስስታምም አይለውም። ሌባውን የሚጠራው ከሌላ ሰው በተወሰደ መልካም ነገር ነው፤ እንደ ፈረስ ሌባ፣ እንደ ንዋየ ቅድሳት ሌባ። ስሙ በተጠራ ቁጥር የተሰረቀው ዕቃ አብሮ ይጠራል፤ ዕቃውም እምነት ነው፣ ባለቤቱም የተዘረፈው ሰው ነው። አርእስቱን በመጨረሻ «የእምነት ሰው» ብዬ ተውኩት። አንባቢው ገዳም ጠብቆ ገብቶ መርከብ ቢያገኝ፣ አንድ ምዕራፍ ያህል ቢደናገርም ይሁን፤ የተሳፋሪዎቹም ዕድል ይኸው ነበር።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ይህን ሁሉ አጫወትኳት፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መርከቧ፣ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው እንደሚጠሩት። ልጇ ከዚያ ነገር ሁለት ወር ቆይቶ ደውሎ ነበር፤ ዛሬ አገሩ ገብቶ ልጆች ወልዷል። ሲኒውን በእጇ ይዛ ዝም ብላ ሰማችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ስጀምር እጇን አነሣችብኝ።

«ብሩንስ እግዚአብሔር ተካው» አለችኝ። «ልጅዎ ደህና ነው ብሎኝ ሦስት ሌሊት ጠግቤ ተኝቼ ነበር። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ውሸታም ነው ስትሉኝ፣ ልጄ ደህና መሆኑም አብሮ ውሸት ሆነብኝ። ስለ እሱ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም።»